ከነጠላው ሥር ያለው ፊት

ባለፈው ሳምንት ሳይረኑ ሲጮኽ ምስር ጥጄ ነበር። እሳቱን አጠፋሁ፤ ቁልፍና ስልክ ይዤ፣ በነጠላ ጫማ፣ ደረጃውን ወረድኩ። የምኖርበት ሕንፃ በእስራኤል፣ አፉላ ከተማ፣ አፉላ ኢሊት ከሚባለው ሰፈር አሮጌ ሕንፃዎች አንዱ ነው። እንደ አዲሶቹ በየቤቱ የተጠናከረ ክፍል ስለሌለው ጎረቤቱ ሁሉ የሚሮጠው ምድር ቤት ወዳለው ወደ አንዱ ሚቅላት፣ ወደ ቦምብ መጠለያው ነው። ሚቅላቱ በደህናው ቀን የተሰበረ ብስክሌትና የዳስ በዓል እንጨት ማከማቻ ነው፤ በክፉው ቀን ሰው ይጨመርበታል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ሌሎቹ ሳይረኑ ሲያቆም ይስቃሉ፣ ስልካቸውን ይነካካሉ፣ የፈነዳው ቅርብ ነው ሩቅ ነው እያሉ ይከራከራሉ። እኔ ጥግ ይዤ የበሩን ብረት እጀታ ብቻ አያለሁ።

ከሦስተኛ ፎቅ የወረደችው ማዛል፣ የሞሮኮ ተወላጅ አሮጊት፣ በፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። አጠገቧ ግድግዳውን ተደግፋ ሙሉ ቆማለች። ሙሉ ከጎንደር ከመጣች ብዙ አልቆየችም፤ ከእኔ በታች ያለውን ቤት የተከራዩት ከፋሲካ በኋላ ነው። ባሏ በኢንዱስትሪ ቀጠናው በፈረቃ ይሠራል፤ ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነበር። ሕፃኗን ደረቷ ላይ ታቅፋዋለች። እኔ ነርስ ነኝ። ሰው ሁሉ ጢፓት ሃላብ በሚለው፣ በእናቶችና ሕፃናት ጣቢያ፣ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ሕፃን ባለበት ዓይኔ ሳላዘው ይሄዳል፤ አተነፋፈሱን፣ የከንፈሩን ቀለም ያያል። ያን ቀንም ሄደ። ልክ ያኔ ከላይ አንድ ከባድ ድምፅ ሕንፃውን ነቀነቀው፤ ሙሉም የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አድርጋ የልጁን ፊት ሸፈነችው።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ያስፈራችኝ ከሮኬቱ ይልቅ ያች የነጠላ ጫፍ ናት። ያን የእጅ አነሣስ አውቀዋለሁ። በስሚንቶና በእርጥበት ሽታ መሀል ቆሜ፣ ሌላ ሽታ መጣብኝ፤ የዝናብ ጭቃ፣ የባሕር ዛፍ፣ የሕፃን ትውከት።

ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የምሄደው ከማዕከላዊው ጣቢያ በሚነሣው የጠዋት አውቶቡስ ነው። ጣቢያው እንደ ዛሬው አልነበረም፤ ወይም እኔ እንደ ዛሬዬ አልነበርኩም። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን ታቅፈው በቦርሳቸው ላይ ያንቀላፋሉ፤ የፈረቃ ሠራተኞች ዓይናቸው ቀልቶ ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን የተቆላ የሱፍ ፍሬ ይሸታል። ለእኔ የአፉላ ሽታ ይኸው ነው። ትኩሱን በወረቀት ከረጢት በአምስት ሼቄል እገዛና፣ አንድም ሳልፈለፍል፣ ለሙቀቱ ብቻ ጭኔ ላይ አስቀምጠው ነበር። ሁለት ረጃጅም የጂንስ ቀሚሶች ነበሩኝ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ጣቢያው ጥግ ላይ አንድ ጎንደሬ የቅመምና የዘፈን ሱቅ ነበረው፤ በሩ ላይ ከሰቀላት ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ማሲንቆ ይንቆረቆራል። የግጥሙ ግማሽ አይገባኝም ነበር፤ ግን ዜማው ሆዴን ያባባዋል፤ አውቶቡሱ እስኪነሣ ከሱቁ ፊት እቆማለሁ፤ ገብቼ ግን አላውቅም። አፍር ነበር። አሁን እዚያ ቦታ የስልክ ሽፋን ይሸጣል።

አማርኛዬ የእናቴ አማርኛ ነው። ወደዚህ አገር የመጣሁት በጀርባዋ ታዝዬ ስለሆነ ከራሴ የማስታውሰው አንድም ነገር የለም። ፊደል ያስቆጠሩኝ የሕንፃችን ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ፣ ከሰንበት መውጫ በፊት። ያን ጊዜ ለጨዋታ ያህል ነበር። በኋላ፣ በሦስተኛው ዓመት፣ ፋኩልቲው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ሚሽላኻት» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ የተማሪዎች ጉዞ፣ ለዚህ አገር የበጋ ዕረፍት፣ እዚያ ክረምት ሲሆን፣ ጎንደር አቅራቢያ ወዳለ ገጠር፣ እናቶችንና ሕፃናትን ለማገልገል። መምህራችን ሩት ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «አንቺ አማርኛ ትችያለሽ አይደል?» አለችኝ። እንቢ ማለት የማይችል ሰው ዕጣው እንዲህ ነው፤ አዎ አልኩ።

እናቴ ያን ጊዜ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አትክልት በሚታሸግበት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ስትመጣ ሰማያዊ ሽርጧን ገና ሳትፈታ ነገርኳት።

«የት?» አለች።

«ጎንደር አጠገብ። ገጠር።»

«እኔ ከዚያ ለመውጣት ስንት ተራራ በእግሬ አቋረጥኩ፤ አንች በአውሮፕላን ልትመለሽ!»

ሳቀች፤ ግን ሳቋ አልቆየም። ልንሄድ ስንል፣ ልብሴን እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል መናገር ጀመረች።

«ሕፃን ስታይ መጀመሪያ መሬት እይ። ቆንጆ ነው አትበይ። ወፍራም ነው አትበይ።»

«እማ፣ ሥራዬ እኮ መመዘን ነው።»

«እንግዲያው ሚዛኑን እይ! ከየት ነሽ ሲሉሽም ከኢየሩሳሌም ነኝ በይ። ከማዶ ነኝ እንዳትይ።»

እናቴ የተወለደችበት መንደር፣ ከምንሄድበት ገጠር ከወንዙ ማዶ፣ የቀጥቃጮችና የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበር። የሚታረስ መሬት ስለማይሰጣቸው ከእሳትና ከጭቃ ይበሉ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ማረሻውንም ማሰሮውንም ከእነሱ ይገዛሉ፤ ልጅ ሲታመምባቸው ግን «ቡዳ በላው» ይሉና ወደዚያው መንደር ያያሉ። መድኃኒቱም ከዚያው ነው፤ በላ የተባለው ሰው መጥቶ ልጁ ላይ እንትፍ ካለ፣ ልጁ ይለቀቃል ይባላል። አያቴን አንድ ቀን እንዲህ ብለው እንደወሰዱት አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ ግን እናቴ ጨርሳ ነግራኝ አታውቅም፤ ታሪኩ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚጠብቃት ሥራ ትዝ ይላት ነበር። አፉላ ውስጥም ዓይን ይፈራል፤ እነማዛል ሕፃን ሲያዩ «ብሊ ዓይን ሃራ» ይላሉ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቀው ማለታቸው ነው፤ እጁ ላይም ቀይ ክር ያስሩለታል። ግን እነሱ የሚፈሩት ዓይን ባለቤት የለውም፤ የማንም ሊሆን ይችላል። እናቴ የምታውቀው ዓይን ባለቤት ነበረው። እኛ ነበርን።

የደረስነው በሐምሌ ጭጋግ ነው። የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ዝናቡ ሲወርድበት መነጋገር አይቻልም፤ በእጅ ምልክት እንሠራ ነበር። ስድስት ተማሪዎችና ሩት፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ካናቴራ፣ ጭቃ የማይችል ነጭ ሸራ ጫማ። ጣቢያው የሲስተር የሺ ነበር፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። መጀመሪያ ቀን ጫማችንን አይታ «እነዚህን ደግሞ ማን ያጥብላችኋል?» አለችና በማግስቱ ለሁላችንም ከገበያ የላስቲክ ቡትስ አስመጣችልን፤ የእኔ ሁለቱም የግራ ነበሩ። እስክንሄድ ድረስ ወደ ቀኝ የማዘምም መስዬ ነበር የምራመደው። ገበያው ከመንገዱ ዳር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሥር ሎሚ በአንድ ብር ይሰጣሉ፤ ሚኒባሶቹ ሲያልፉ አፉላ ጣቢያ የሰማሁት ዓይነት ማሲንቆ ከመስኮታቸው ይፈስሳል። ጥቂት ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሥራዬ ከተንጠልጣይ ሚዛኑ ጋር ነበር። ሕፃኑ በጨርቅ ቁምጣ ይገባና ይሰቀላል፣ እግሩን ያወራጫል፤ እኔ አነብባለሁ፣ ሲስተር የሺ ትጽፋለች። ትምህርት ቤት ያስተማሩን እንዲህ ነው፤ እናቲቱን ዓይን ዓይኗን እያት፣ ልጇን በስሙ ጥራው፣ አድንቀው፤ ልጇ የተደነቀላት እናት ተመልሳ ትመጣለች። እናኑ የምትባል ወጣት እናት ይርጋ የሚባል የዘጠኝ ወር ልጇን ይዛ ስትመጣም እንዲሁ አደረግኩ። ሰቀልኩት፤ ሳቀልኝ፤ ክርኑ ላይ ሥጋው ተደራርቧል። ረሳሁት፣ የእናቴን ነገር ሁሉ።

«ይርጋ! ምን ያለ ወፍራም ልጅ ነው! እንዴት ያምራል!»

ሲስተር የሺ ብዕሯን ሳታነሣ «ምን አይንካው በይ» አለችኝ፣ ከጥርሷ ሥር። አልኩ፤ ግን ቆይቼ ነው። እናኑ ልጇን ከሚዛኑ አውርዳ ጋቢዋን ፊቱ ላይ ሳበችው። ያን የእጅ አነሣስ መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከኋላዋ የቆመች አንዲት አሮጊት ግን ወደ እኔ ቀረበች።

«አንች ልጅ፣ አማርኛሽ እኮ የኛው ነው! የማን ነሽ?»

በሕይወቴ አንድም ሰው አማርኛሽ የኛው ነው ብሎኝ አያውቅም። አፉላ ውስጥ ዕብራይስጤ ነበር የሚለካው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አማርኛዬ ይሳቅበታል። ደስታ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል መሰለኝ፤ እጄ በራሱ ተነሣና በመስኮቱ በኩል ከወንዙ ወዲያ ያለውን ሸንተረር አሳየሁ።

«የእናቴ አገር ያ ማዶ ነው» አልኩ።

ማዶ ማን ይኖር እንደነበር የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። አሮጊቷ አንድ ጊዜ እጄን፣ አንድ ጊዜ ዓይኔን አየችና ወደ ሰልፏ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ጣቢያው የሚመጣ ሕፃን ሁሉ ፊቱ የተሸፈነ ነበር። ጓደኞቼ ከብርዱ የተነሣ መስሏቸዋል። እኔ እግር ብቻ እየመዘንኩ ዋልኩ፤ ከጋቢ ሥር የወጡ ትንንሽ እግሮች።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሲስተር የሺ ጠዋት ነጠላዋን ሳታወልቅ ገባች። የእናኑ ልጅ ታሟል፤ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑ ገብቷል። ሄዳ ለምናታለች፤ እናኑ በሩን ዘግታለች። «ያች ልጅ እዚያ እያለች አልመጣም፤ የበላችው እሷ ናት፤ መጥታ እንትፍ ትበልልኝ፤ ያን ጊዜ የምትሉትን አጠጣዋለሁ» ብላለች።

ሩት ስትሰማ ፊቷ ቀላ። «አትሄጂም» አለችኝ በዕብራይስጥ። «ተማሪዬን አላዋርድም። ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።» ከልቧ ነበር። ግን ሲስተር የሺ ሰዓቷን ታያለች፤ እኔም የዘጠኝ ወር ልጅ በዚያ ሁኔታ ምን ያህል እንደሚቆይ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። የፈራሁትን ልንገራችሁ። ይደበድቡኛል ብዬ ፈራሁ። ሄጄ፣ እንትፍ ብዬ፣ ልጁ ቢሞትስ ብዬ ፈራሁ። ሦስተኛውን ፍርሃት ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እውነት ቢሆንስ? በዓይኔ ሳልፈልገው የሚያልፍ ነገር ቢኖርስ? ሦስት ዓመት ነርስነት የተማርኩ ሰው፣ ጣቢያው ግድግዳ ላይ በተሰቀለችው ትንሽ መስታወት የራሴን ዓይን ለማየት አልደፈርኩም።

ስልክ የሚይዘው ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። በሲስተር የሺ ስልክ እናቴን ደወልኩላት። ፋብሪካ ነበረች፤ ከኋላዋ የማሽን ድምፅ ይሰማል። ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

«አባቴ እንትፍ አለ» አለች። «ልጁ ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አገር የታመመ ልጅ ሁሉ የእሱ ሆነ። የዳነውም፣ የሞተውም። ቤታችንን ጥለን የሄድነው ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ልቅር?»

«ስንት ወሩ ነው ያልሽኝ?» አለች።

«ዘጠኝ።»

«ሂጅ በቃ» አለች። «ሂጅ። ግን ምርቃት አድርጊው። ሽማግሌም ሲመርቅ እንትፍ ይላል። እነሱ የፈለጉትን ይስሙ፤ አንች መርቂው።»

የእናኑ ቤት ከጣቢያው በታች ከባሕር ዛፉ ጀርባ ነው። ዝናቡ ጋብ ብሏል፤ ጭቃው ሁለቱን የግራ ቡትሶቼን ይጎትታል። ሲስተር የሺ የጨውና የስኳሩን ዱቄት በጥብጣ በጆግ፣ ከኩባያና ከማንኪያ ጋር ይዛለች፤ ሩት «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ከኋላዬ ትንሸራተታለች። ደጁ ላይ ሰው ቆሟል። ወንዶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው እጃቸውን ዘርግተውበታል። የዘወትር አቋቋማቸው ነው፤ ጣቢያ ሲመጡም እንዲሁ ይቆማሉ። ያን ቀን ግን ከዱላው በቀር የሚታየኝ አልነበረም።

«መጣች።»

«ይች ናት እንዴ? ልጅ እግር አይደለችም!»

«ዝም በል፣ ዓይኗን ዝቅ እንዳደረገች አታይም?»

እናኑ መደብ ላይ ተቀምጣለች፣ ልጁ በጋቢ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰደበችኝም።

«እቴ» አለችኝ። «በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ልቀቂልኝ። አንድዬ ልጄ ነው።»

እለቅልሻለሁ ብል ይዤዋለሁ ማለቴ ነው። አልያዝኩትም ብል በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለቱንም ተውኩና «ግለጭው፤ ልየው» አልኳት። ገለጠችው። የሳቀልኝ ልጅ አልነበረም። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ አናቱ ላይ ያለው ለስላሳ ቦታ ገብቷል፤ ያለቅሳል፣ ግን እንባ የለውም። ሆዱን ቆንጠጥ ሳደርገው ቆዳው እንደቆመ ቀረ። ጎንበስ አልኩ። እንትፍ ለማለት ከንፈሬን አሾልኩ፤ አንድ ጠብታ ምራቅ አልነበረኝም። ፍርሃቱ አፌን አድርቆታል። የደረቀ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

«አልወጣትም!» አለች ያች አሮጊት። «ደረቅ ነው! ልትለቀው አልፈለገችም!»

ከኋላዬ እግሮች ጭቃ ውስጥ ሲቀራረቡ ሰማሁ። ሩት የካናቴራዬን ጫፍ ጨብጣ ያዘችኝ፤ ምን እንደተባለ ባታውቅም ድምፁ ገብቷታል። እኔ የማስበው ውኃ ብቻ ነበር። ከሲስተር የሺ እጅ ኩባያውን ቀማሁና፣ ለልጁ የተበጠበጠውን፣ እኔ ጠጣሁት።

ከኋላዬ የሚቀራረቡት እግሮች ቆሙ። በዚያ አገር የሚያጠጣ ሰው አስቀድሞ በፊትህ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም፣ ክፋት የለበትም ማለት ነው። እኔ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ የጠጣሁት አፌ ስለደረቀ ብቻ ነበር።

«ቀመሰችው» አለች እናኑ፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ።

ተመልሼ ጎንበስ አልኩ። «እንትፍ፣ እንትፍ። እደግ። ተመንደግ። ለእናትህ ኑርላት። የልጅ ልጅ አሳያት።»

አንድ ሰው ከደጅ በሳቅ ፈነዳ። «እንደ አሮጊት መረቀችው እኮ! እሷ ራሷ መቼ አገባች?» ሌሎችም ሳቁ፤ ዱላዎቹ ከትከሻ ወረዱ። እናኑ አልሳቀችም፤ እጇን ለኩባያው ዘረጋች።

«በማንኪያ» አልኳት። «ቢያስመልሰው ትንሽ ቆየት ብለሽ ድገሚው።»

ደጁ ላይ ጉቶ ሰጡኝና ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ከእኔ ጋር ልጁን ይጠብቃል። ማንኪያው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ያስመልሰዋል፤ እንደገና። ጣሪያው ሥር ሆኜ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ነበር፤ ሌሎቹ ፍርሃቶች በዚያ አንድ ተውጠው። ፀሐይ ከደመናው ወጥታ ማዶውን ሸንተረር ስትመታው እናኑ ድንገት ጭኗን ዳሰሰች። ጋቢው ርሷል።

«ሸና!» ብላ ጮኸች። «ሰዎች፣ ሸና! ልጄ ሸና!»

አንዲት ሴት እልል አለች። ሩት «ምን ሆነ? ምን አለች?» ትለኛለች፤ ለመተርጎም ሞከርኩ፤ ለቅሶ አላስኬደኝም።

እናቴ ግን እውነቷን ነበር። በማግስቱ ጠዋት የጣቢያው በር ላይ ልጆቻቸውን ሸፍነው የቆሙ ሴቶች አገኘን፤ ለሚዛን አልነበረም የመጡት። «ያችን ልጅ ጥሩልን፤ እንትፍ ትበልልን» ይላሉ። አንዱ ሕፃን ደረቱ ያፏጫል፤ አንዷ ልጅ ወር ሙሉ አልበላችም። ሲስተር የሺ በሩ ላይ ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እሷ የምትመርቀው ታይቶ መድኃኒት የወሰደውን ነው! ያልታከመ ልጅ ላይ ምርቃቷ አይዝም!» አለች። ተሰለፉ። ሁሉም ታዩ፤ መድኃኒታቸውን ዋጡ፤ ከዚያ ወደ እኔ መጡ። እንትፍ፣ እደግ፤ እንትፍ፣ እደጊ። ተማሪዎቹ ይስቁ ነበር፤ እኔ ግን እያንዳንዱን የተሸፈነ ፊት ሳይ ከእነዚህ መሀል የሚሞተው የእኔ ይሆናል እያልኩ አስብ ነበር። ሩት ገብቷታል መሰለኝ፤ የቀረውን ጊዜ ጎንደር ከተማ ዕቃ ግምጃ ቤት መደበችኝ። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱንም ለማንም አልተናገርኩም።

ልንመለስ ሚኒባሱ በዚያ ሲያልፍ እናኑ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ይርጋን አዝላዋለች። አየችኝ። ፊቱን አልገለጠችልኝም፤ ግን ከጋቢው ሥር ትንሽ እጁን አወጣችና፣ በራሷ እጅ ይዛ፣ አወዛወዘችልኝ። እስካሁን እንደዚያ ነው የማስታውሰው፤ ፊት የሌለው፣ ሰላምታ የሚሰጥ እጅ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕፃን መዘንኩ። የዛሬው ሚዛን ጠፍጣፋ ነው፣ ቁጥሩን ራሱ ያወጣል፤ እኔ ግን አሁንም መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ ሚዛኑን፣ መጨረሻ ላይ ልጁን ነው የማየው። እናቶቹ ጨዋ ነርስ ናት ይሉኛል። ቆንጆ ነው ብዬ ግን አላውቅም፤ ስለ አንድም ልጅ።

ሚቅላቱ ውስጥ ሁለተኛ ድምፅ መጣ፣ ከመጀመሪያው የቀረበ። ማዛል በሞሮኮ ቋንቋ አንድ ነገር ብላ ጮኸች። እኔ ግንባሬን ከግድግዳው አላላቀቅኩም። ያን ጊዜ ሙሉ ከኋላዬ ተናገረች።

«ኧረ ይኸን ጣሪያ ተመልከችው! ሮኬቱ ቢስተን እሱ ይገድለናል።»

ዞርኩ። ከጣሪያው የተላጠ ኖራ እንደ ዱቄት ይዘንባል። የሙሉ ፀጉር ነጭ ሆኗል፤ ልጁ ላይ የጣለችው ነጠላ በኖራ ፍርፋሪ ተሞልቷል።

«ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ ብየ ነው የሸፈንኩት» አለች። «አንች ነርሷ አይደለሽ? ያዥልኝ እስቲ፤ ይችን ነጠላ ላራግፋት።»

እሺ ሳልል ሰጠችኝ። ከባድ ነው፤ ወተት ይሸታል። እንደ ልማዴ መሬት መሬቱን እያየሁ ሳለ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፤ ከዚህ ሁለት መንገድ አልፎ ባለ አዲስ ሕንፃ ትኖራለች፤ ሳይረን በጮኸ ቁጥር ትደውላለች። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ያዝኩት።

«ወርደሻል?»

«ወርጃለሁ፣ እማ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«አይደለሁም። ሕፃን ይዣለሁ።»

«የማንን?»

«የሙሉን። የታች ጎረቤቴን፣ ጎንደሬዋን።»

«ራሷ ናት የሰጠችሽ?»

«ራሷ ናት።»

«ፊቱ ተሸፍኗል?» አለችኝ።

ሙሉ ነጠላውን በሁለት እጇ ይዛ በሩ አጠገብ ታራግፋለች። ዝቅ ብዬ አየሁት፤ መሬቱን ሳይሆን ልጁን። ቅንድቡ ላይ አንዲት የኖራ ቅንጣት አርፋለች፤ ዓይኑን ሳያርገበግብ ወደ እኔ ያያል።

«አልተሸፈነም» አልኳት። «እማ፣ ቆንጆ ልጅ ነው።»